የበልግ በረዶ፦ ከሆለታ እስከ ሰንዳፋ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27፤ ሆለታ

የታላቅ እህቴ ባል አትክልት ነጋዴ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ማሳው ላይ እንዳለ ዋጋ ቆርጦ ይገዛል፤ ቀብድ ይሰጣል፤ ሲደርስ በአይሱዙው ጭኖ ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ገበያ ያራግፋል። ከሁለቱ ረዳቶቹ አንዱ ፋሲካን ሊያከብር አገሩ ሄዶ ሲቀርበት «ሥራ ከሌለህ ጋቢና ተቀመጥና ሂሳብ ያዝልኝ» አለኝ። ሂሳቡን ያዝኩለት፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰማይ ሰማዩን ሳይ ነው የከረምኩት።

ከአስኮ ስንወጣ አንድ ቁራጭ ደመና አልነበረም። ቡራዩን በመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ እየተንፏቀቅን አለፍን። ገፈርሳ ግድብ ጋ ስንደርስ ውሃው ከዳሩ ሸሽቶ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በስተግራችን ወጨጫ ተራራ፣ ከ3300 ሜትር በላይ የሚረዝመው፣ ታጥቦ እንደተሰጣ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ፀሐይዋ ግን ትፋጃለች፤ ገና አራት ሰዓት ሳይሆን የጋቢናው መቀመጫ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። መናገሻ ላይ ሻይ የቀዳችልን ሴትዮ ወደ ላይ ሳታይ እንኳ «ይሄ የዝናብ ፀሐይ ነው፤ ከሰዓት አያልፍም» አለች።

አማቼ ሳቀ። «ሬዲዮኑም ጠዋት ተናግሯል፤ ነጎድጓድና መብረቅ የቀላቀለ ዝናብ በጥቂት ስፍራዎች።»

«ታዲያ ለምን ወጣን?»

«እኛ ያለንበት ጥቂት ስፍራ መሆኑን ማን ነገረህ?»

ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከፍታዋ 2400 ሜትር አካባቢ። ድንች፣ ጎመን፣ አበባና ወተት የሚመረትባት፣ ስለግብርና ሲወራ ስሟ ከምርምር ማዕከሏ ጋር የሚነሳ ከተማ ናት። አማቼ ቀብድ የሰጠበት የጎመን ማሳ ከከተማዋ አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወርደን በኮረኮንች የምንደርስበት ወንዝ ዳር ነው። ጎመኑ ደርሷል፤ ሐሙስ ሊቆረጥ ተስማምተዋል። የዛሬው ጉዞ ለማየት ብቻ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ከወጨጫ አናት ጀርባ ነጭ ደመና ብቅ አለ። የሚገርመው ፍጥነቱ ነው። ምሳ በልተን እጃችንን እስክንታጠብ ድረስ ሽቅብ አድጎ፣ ሥሩ ጠቁሮ፣ አናቱ ወደ ጎን ተዘርግቶ ነበር። በበልግ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል እርጥብ አየር ወደ ደጋው ይገባል፤ የጠዋቱ ፀሐይ መሬቱን ያግለዋል፤ የሞቀው አየር እርጥበቱን ይዞ ይወጣል፤ ተራራ ካገኘ ደግሞ ይበልጥ ሽቅብ ይገፋል። ስለዚህ ነው በልግ ጠዋት ጠዋት የሚስቅልህና ከሰዓት የሚያለቅስብህ። የክረምቱ ዝናብ ሌላ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሊያካፋ ይችላል። የበልጉ ግን ጠባብ ነው፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ይዞ ይመጣና ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል።

ወደ ማሳው የሚወስደውን ኮረኮንች ስንይዝ ነፋሱ ድንገት ዞረ። ሙቀቱ ወዲያው ጠፋ፤ ቀዝቃዛ አየር ከፊታችን አቧራና ገለባ እየጠረገ መጣ። ከብቶቹ በአንድ ጊዜ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጡ። ብልጭ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ላይ አጓራ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ለሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር መያዝ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ቀርቶታል ማለት ነው። ቀጥሎ ስቆጥር አራት ላይ አጓራ።

ረዳቱ ከላይ፣ ከጭነቱ ቦታ ዘሎ ወረደና ወደ ባሕር ዛፎቹ ሊሮጥ ሲል አማቼ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፦

«አንተ! ዛፍ ሥር ልትቃጠል ነው? ግባ!»

ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጣበን መስኮቱን ዘጋን። መኪና ውስጥ መቀመጥ የሚሻለው ጎማው ጎማ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። መብረቁ ቢመታ እንኳ ኃይሉ በውጪው ቆርቆሮ ዞሮ ወደ መሬት ስለሚወርድ ነው። ብቻ ብረቱን አትንካ።

መጀመሪያ ትልልቅ የዝናብ ጠብታዎች ተራርቀው ወረዱ። ቀጥሎ አንድ ነገር ኮፈኑ ላይ ቋ አለና ነጥሮ ሄደ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ መቁጠር አበቃ። ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ጣሪያችን ላይ የሚያራግፍ ነው የሚመስለው፤ አማቼ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ሲጮህ አፉ ሲከፈት ብቻ አያለሁ። የመስታወቱ መጥረጊያ በረዶውን መግፋት አቅቶት መሀል ላይ ቆመ። ሜዳው ነጣ፤ መንገዱ ነጣ፤ ቦዩ በበረዶና በጭቃ ሞልቶ ወደ መንገዱ ገነፈለ። ሩብ ሰዓት አልሞላም። ከዚያ ከባድ ዝናብ፣ ከዚያ ካፊያ፣ ከዚያ በስተምሥራቅ የማርያም መቀነት።

በሩን ስከፍት ብርዱ የሐምሌ ነው። ከየቤቱ ሕፃናት ሳህንና ኩባያ ይዘው «ጨቢ! ጨቢ!» (በረዶ! በረዶ!) እያሉ ወጡ፤ እየዘገኑ ይበላሉ፣ እየተወራወሩ ይስቃሉ። አብዛኛው በረዶ ሽምብራ የሚያህል ነው፤ መሀል መሀሉ ላይ ግን ከባቄላ የሚተልቅ አለ። አንዱን ትልቅ አንስቼ በረዳቱ ምላጭ ለሁለት ከፈልኩት። መሀሉ ላይ ነጭ ደብዛዛ ነጥብ፣ በዙሪያው ብርጭቆ የመሰለ ጥርት ያለ በረዶ፣ ከዚያ ደግሞ ነጭ፣ ከላይ ስስ ጥርት ያለ ልባስ አለው። ደመናው ውስጥ ሽቅብ የሚነፍሰው አየር ፍሬዋን ይዞ ሲያቆያት የቀዘቀዘ ውሃ እየደራረበባት ታድጋለች፤ አየሩ መሸከም ሲያቅተው ትወድቃለች። እኛ አገር በረዶ ሳይቀልጥ መሬት የሚደርሰው በከፍታችን የተነሳ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ውሃ የሚረጋበት ቅዝቃዜ የሚጀምረው ከባሕር ወለል በላይ 5000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሆለታ ደግሞ ከዚያ ግማሽ መንገድ ወጥታ ጠብቃዋለች። አዋሽ በረሃ ላይ ያው በረዶ ቢነሳ አብዛኛው ውሃ ሆኖ ነው የሚደርሰው።

ማሳው ጋ የደረስነው በእግር ነው። ባለማሳው ቀድሞን ቆሟል፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ባዶ እግሩን። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልተለዋወጥንም።

ከመንገዱ በኩል ያለው ጎመን ተበሳስቷል። ትልልቆቹ የውጭ ቅጠሎች ከነጅማታቸው ተተልትለው መሬት ላይ ተነጥፈዋል፤ የተቀጠቀጠ ጎመን ሽታ አካባቢውን ሞልቶታል። ወደ ወንዙ እየሄድን ስንቆጥር ሃያ ምናምን ረድፍ እንደዚያ ነው። ከዚያ ሦስት አራት ረድፍ እዚህም እዚያም ቀዳዳ ያለበት ጎመን። ከዚያ ወዲያ ምንም! ቅጠሉ ላይ የዝናብ ጠብታ ተንጠልጥሎ፣ ጎመኑ እንደ ጠዋቱ ድብን ብሎ አረንጓዴ። ከአሥር እርምጃ አይበልጥም። አንድ እግሬን ከወዲህ ሌላውን ከወዲያ አድርጌ ቆሜ አየሁት። ከወንዙ ማዶ ያለው የጎረቤት ድንች በረዶ የሚባል ነገር አላየም።

አማቼ አንድ ጎመን አንስቶ ቅጠሉን ላጠ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቅጠል። አራተኛው ደህና ነው፤ ነጭ፣ ጠንካራ። ሌላ አነሳ፤ ይኼኛው አናቱ ላይ ተሰንጥቋል። ወረወረው።

«ነገ እንነጋገር» አለ። ባለማሳውም «ነገ» አለ። ሁለቱም ፊት ለፊት መተያየት አልፈለጉም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28፤ እዚያው

ሌሊቱን ሆለታ አደርን። ጠዋት ስንሄድ የአበባ እርሻ ሠራተኞች የተቀደደ የግሪንሃውስ ላስቲክ ሲጎትቱ በመንገድ ዳር አየን። ባለሀብት ላስቲክ ይቀይራል፤ የሜዳ ጎመን ላስቲክ የለውም።

የዛሬው ቀን የሙግት ቀን ነበር፤ ከጉዞው ሁሉ አእምሮዬ ላይ የቀረው ይኼ ነው።

ባለማሳው የሚለው አንድ ነው። «ቀብድ ተቀብያለሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎመኑ ያንተ ነው። እኔ ውሃ እያጠጣሁ ጠበቅኩልህ። በረዶ የመታው ያንተን ጎመን ነው።»

አማቼ የሚለውም አንድ ነው። «አልቆረጥኩም፣ አልጫንኩም፣ አልተረከብኩም። መሬት ላይ እስካለ የመሬቱ ባለቤት ነው።»

የባለማሳው አማርኛና የአማቼ ኦሮምኛ መሀል መንገድ ላይ ይገናኛሉ፤ ሲናደዱ ግን ሁለቱም ወደየቋንቋቸው ይሸሻሉ፤ ያን ጊዜ መሀል ላይ የምቀረው እኔ ነኝ።

ሕጉን እኔ አነሳሁ፤ የማይጠየቅ ሰው አጉል ዕውቀት። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ከቁጥር 1883 ጀምሮ ይደነግጋል፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። አማቼ «እኔ መች ተውኩ?» አለ። ባለማሳው «እኔ መች ተውኩ?» አለ። እውነታቸውን ነው፤ የተወው ሰማይ ነው።

በመጨረሻ ሁለት ሽማግሌ ተጠሩ። አንደኛው ኦቦ የሚሏቸው ረጅም ሰውዬ ናቸው፤ ሌላኛው ደግሞ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ካህን። ቁጭ ብለው ይዳኛሉ ብዬ ስጠብቅ ቀጥ ብለው ማሳው ውስጥ ገቡ። ኦቦ በከዘራቸው ረድፍ እየነኩ ሄዱ፤ የደህናው ጎመን መጀመሪያ ጋ ሲደርሱ ከዘራቸውን ተከሉ። ከዚያ ቀዳዳ ካለበት ወደ ተተለተለው ሲያልፉ የካህኑን ጃንጥላ ተከሉ። ማሳው ሦስት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር በሙሉ በከዘራና በጃንጥላ መሀል ነበር።

የተስማሙት እንዲህ ነው። ደህናው ቀድሞ በተቆረጠው ዋጋ፤ መሀለኛው ትንሽ ተቀንሶለት፤ የተመታው በግማሽ። የተሰነጠቀው ከቁጥር ይወጣል። የተላጠው ቅጠል የባለማሳው ነው፤ ለላሞቹ። የተመታው ዛሬውኑ ይቆረጥ።

«ዛሬውኑ» ያሉት አማቼን ለማጣደፍ አይደለም። በረዶ የቆሰለ ጎመን በማግሥቱ ደህና ይመስላል፤ ቁስሉ እርጥበት ከያዘ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ እየለሰለሰ ይጠቁራል፤ የሚሸተውም ያን ጊዜ ነው። ድንች ቢሆን ኖሮ ግንዱ እስካልተሰበረ ድረስ ቅጠል ያወጣል፤ ጎመን ግን አንድ አናት ነው ያለው።

ካህኑን «አባ፣ በረዶ የሚመልሱ ደብተራዎች አሉ ይባላል፤ እውነት ነው?» አልኳቸው።

«ይባላል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ የምመልሰው የተጣላ ሰው ነው፤ እሱም አንዳንዴ እምቢ ይለኛል።»

ቡና ተፈላ። ሰባት ሰው ተሰልፎ እስከ ማታ ሲቆርጥና ሲልጥ ዋለ፤ እኔም ላጥኩ። ጓንት ስላልነበረኝ ጣቶቼ ከአረንጓዴው የተነሳ ለሁለት ቀን ቀለማቸው አልለቀቀም። ጭነቱ በማዳበሪያ ከረጢት እየተሞላ፣ ሸራ ለብሶ ሌሊት ገበያ ገባ። አማቼ ሲነጋ ደውሎ እንደነገረኝ የተላጠ ጎመን ነጋዴ ዓይን አይገባም፤ «የከረመ ነው» ይሉታል። የገዙት ከትፈው የሚሠሩ ምግብ ቤቶች ናቸው።

የሰብል መድን አለ አይደል? የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎ፣ በዝናብ እጥረት ላይ ተመሥርቶ የሚከፍል መድን በአንዳንድ ወረዳዎች ተሞክሯል፤ እሱ ግን ድርቅ ነው የሚለካው። ድርቅ ወረዳ ሙሉ ይይዛል። በከዘራ የሚለካን በረዶ በምን ይለካዋል?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29፤ ሱሉልታ

አማቼ ሌሊቱን ስላልተኛ ከከተማ የወጣነው አርፍደን ነው። በጉለሌ ሽቅብ፣ በእንጦጦ ትከሻ አልፈን ወደ ሱሉልታ። ይኼ ተራራ ለከተማው መናፈሻ ነው፤ ለዝናቡ ግን ወሰን ነው። ከዚህኛው ጎኑ የወረደ ጠብታ በአቃቂ ወንዝ አድርጎ አዋሽ ይገባል፣ መጨረሻው አፋር በረሃ ውስጥ ነው፤ ከወዲያኛው የወረደ በሙገር በኩል ዓባይ ይደርሳል። በአንድ ባሕር ዛፍ ላይ ያረፈ ዝናብ ለሁለት አገር ይካፈላል።

ሱሉልታ ሜዳዋ ለጥ ያለ የሣርና የወተት አገር ናት። ቀይ ሥር ልናይ ወደ ጫንጮ አቅጣጫ ስንሄድ አንድ ግቢ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ አገኘን። ትናንት ማታ መብረቅ ሁለት የፈረንጅ ላሞችንና አንድ ጊደር ገድሏል። ሦስቱም ሽቦ አጥር ተጠግተው ነበር። አጥሩን ከሚደግፉት እንጨቶች አንዱ ከላይ እስከ ታች ተተልትሎ ልጡ ተልጧል፤ ላሞቹ ላይ ግን ምንም ቁስል አይታይም።

ሰዎቹ የሚከራከሩት ስለ ምክንያቱ ነው። አንዷ ቀይ ነጠላ አጥር ላይ ተሰጥቶ ነበር ትላለች፤ ቀይ መብረቅ ይጠራል የሚለው ወሬ እኛም ቤት እናቴ ታምንበት ነበር። ቀለም ግን መብረቅ አይጠራም፤ ኃይሉን ወደ ላሞቹ ያደረሰው ሽቦው ነው። ከብት በመብረቅ በብዛት የሚሞተው መብረቁ በቀጥታ ስለሚያገኘው ብቻ አይደለም። መብረቅ መሬት ሲገባ ኃይሉ ዙሪያውን ይበተናል፣ በራቀ ቁጥር ይቀንሳል። የላም የፊትና የኋላ እግር ከአንድ ሜትር በላይ ይራራቃል፤ የፊቱ የቆመበትና የኋላው የቆመበት መሬት እኩል ኃይል የለውም፤ ልዩነቱ በሆዷና በልቧ በኩል ያልፋል። ሰው ሜዳ ላይ መብረቅ ከያዘው እግሩን ገጥሞ ቁጢጥ ይበል፣ አይተኛ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሥጋው አይበላም። ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፤ ለጅብ ወይ ለጉድጓድ። የላሞቹ ባለቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ አጥሩ ሥር ተቀምጠው የወተት ጣሳቸውን ይዘዋል። ጠዋት ጠዋት የአካባቢው ወተት ሰብሳቢ መኪና ሲመጣ የሚሞሉት ጣሳ ነው። አማቼ ከእሳቸው ምንም ግዢ የለውም፣ አያውቃቸውምም፤ ጠጋ ብሎ «እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎ አጎንብሶ ጥቂት ብር እጃቸው ውስጥ አኖረ። ሌላውም ተከተለ። ባዶ ጣሳው ቀስ በቀስ መዋጮ መሰብሰቢያ ሆነ።

ቀይ ሥሩን አየን፤ ደህና ነው። በዓለ ኃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ጾም የለም፤ ጫንጮ ላይ ጥብስ በልተን ተመለስን። በመንገድ ላይ ጥሩ ዝናብ ጣለ፣ በረዶ የሌለው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30፤ አቃቂ

ሆለታ የቀረውን ደህና ጎመን ረዳቱ ከሌላ ሹፌር ጋር ሊያስጭን ሄደ። እኛ ወደ ደቡብ ወረድን፤ የአቃቂ ዳር ሰላጣና ቆስጣ ለማየት። አየር ሌላ ነው እዚህ፤ ይሞቃል፣ ፀሐይ ነው፣ ዝናብ የለም። ወንዙ ግን ቡናማ ሆኖ ሞልቶ፣ ላስቲክ፣ ጠርሙስና የተነቀለ ግንድ ተሸክሞ ይወርዳል። ዝናቡ የጣለው እንጦጦ ላይ ነው። አስፋልትና ቆርቆሮ ውሃ አይጠጡም፤ ከተማው ላይ የወረደው ሁሉ በየቱቦው ተግተልትሎ እዚህ ይመጣል፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ። አንድ ጠብታ ሳይጥልበት የሰላጣው ማሳ በጎርፍ ተሸፍኗል። የከተማውን እጣቢ የተሸከመ ውሃ የተኛበትን ሰላጣ አማቼ አይገዛም፤ ባለቤቱም «ግዛኝ» አላለም።

ከዚያ ወደ ዱከም አቅጣጫ ዞርን፣ አይሱዙውም ከአስፋልት በወረደ በሁለተኛው ደቂቃ መረሬ አፈር ውስጥ ተቀበረ። ይህ ጥቁር መሬት ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሲረጥብ ማጥ ነው። ሁለት ጥማድ በሬ ያላቸው ገበሬዎች ሲያርሱ ነበርና ፈትተው መጥተው ሳቁብን፤ ጎማው ሥር ድንጋይና ጭድ አስገብተው ገፉን። በሬዎቹን አላስቸገሩም፤ «እነሱ ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው» አሉ።

ትናንት ሌሊት የጣለውን ዝናብ ነው የሚያርሱበት። ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ ነው፤ መሬቱ ግን ከአሁኑ ታርሶ፣ ተደግሞ፣ ተሰልሶ መለስለስ አለበት፤ የበልጉ ዝናብ ከቀረ ማረሻ አይገባውም። ከመካከላቸው ወጣቱ ቁንጮ ነው የምዘራው አለኝ፤ በ1998 ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣው ነጭ ጤፍ። ስለ በረዶ ስጠይቀው «በረዶ ቢመጣ ምን አገኘ? ማሳዬ ላይ ያለው አፈር ነው» አለና ወደ ሞፈሩ ተመለሰ።

ዓርብ፣ ግንቦት 1፤ ሰንዳፋ

ልደታ ናት። እርሻ አይነካም፤ ወግና ውል ግን ይቻላል። ለገጣፎን፣ ከዚያ ለገዳዲን አልፈን ሰንዳፋ ሳንደርስ ከመንገድ ወጣ ያለ ሰፈር አለ፤ የካሮቱ ባለቤት እዚያ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ውጪ ነው። ልደታ ቤት ውስጥ አይከበርም፤ ንፍሮው በትልቅ ብረት ድስት ደጅ ተጥዶ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ጎረቤቱ አንድ ላይ። ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ የተቀላቀለበት ንፍሮ በእፍኝ ታደለን፤ ጠላም ቀረበ።

የሚያስቀው ነገር ሁሉም የተቀመጠው ግዙፍ ዋርካ ሥር መሆኑ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በየረር በኩል ሰማዩ ሲጠቁር እኔ ከሰኞ ጀምሮ በተማርኩት ፍርሃት ተነስቼ «እናንተ፣ ከዛፉ ሥር ብንወጣ?» አልኩ። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ። «በልደታ ቀን? ቁጭ በል ልጄ።» ከጎናቸው ያለ አሥረኛ ክፍል ተማሪ ግን ቀስ ብሎ «ሳይንስ መምህራችንም እንደ እርስዎ ነው የሚሉት» አለና ታናናሾቹን ሰብስቦ ወደ ቆርቆሮው ቤት ወሰዳቸው። እኔም ንፍሮዬን ይዤ ተከተልኳቸው፤ ዝናቡ መጣ፣ ሁለቴ ከሩቅ አጓራ፣ ሄደ። አሮጊቷ ከዛፉ ሥር ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ፣ «አየህ?» ለማለት።

ካሮቱ መሬት ውስጥ ነው፤ ቅጠሉ ቢመታም ሥሩ ይተርፋል፤ አማቼ ከሆለታ ወዲህ አናቱ ውጪ ያለ ነገር መግዛት ፈርቷል። ዋጋ ተቆረጠ። ቀብዱን ቆጥሮ ሊሰጥ ሲል እጁን ሰበሰበና «ቆይ፤ ደብተርህን አውጣ» አለኝ።

«ምን ልጻፍ ጋሼ?»

«በረዶ ከመታው ጉዳቱ እኩል ለእኩል፤ በሽማግሌ ታይቶ።»

ጻፍኩ። የካሮቱ ባለቤት አንገቱን አስግጎ አየኝና «ውሃ ተኝቶበት ካሮቱ ቢበሰብስስ?» አለ።

አማቼ አሰበ። «እሱንም ጻፍ።»

«ዋጋ ቢወድቅስ?» አለ ባለ ካሮቱ፣ እየሳቀ።

«እሱን አትጻፍ።»